በሦስት ቁጥር የተጻፈው ቡጢ

ባርንስፍላት በእጅም በእግርም በሚጫወቱት በአውስትራሊያ እግር ኳስ ሊግ ውስጥ ካሉት ክለቦች ሁሉ ድሃው ነበር። ሰፈሩ ሜልበርን ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ በቆዳ ፋብሪካውና በጫማ ፋብሪካው መካከል ተጣብቆ የተቀመጠ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ የጥሬ ቆዳው ሽታ ቅዳሴ ድረስ ይገባል። በዚያ ዓመት ጫማ ፋብሪካው ተዘጋ። ቆዳ ፋብሪካውም ከሠራተኞቹ እኩሌታውን አሰናበተ። ጎልማሳው ሁሉ ሥራ ፈቶ አጥር ተደግፎ ይውል ጀመር። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ሰው ለትራም የሚከፍለው ስለሌለው በእግሩ ኳትኖ ሜዳ ይገባል፤ ገብቶም ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። ሌላ የሚጮኽበት ነገር አልነበረውማ።

ቡድኑ የውድድር ዓመቱን የጀመረው አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ነው። ጋዜጦቹ «ባርንስፍላት ዘንድሮም ጭራ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ምን እንደ ነካቸው እንጃ፣ ክረምቱ ገብቶ ሜዳው ሲጨቀይ ማሸነፍ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት እያሉ አሥራ አንድ ጨዋታ አሸነፉና ለዋንጫው ከቀሩት አራት ቡድኖች ተርታ ገብተው ለግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። ሃያ ሁለት ዓመት ባንዲራ ያላየ ሰፈር፣ የአሸናፊው ባንዲራ በገዛ ሜዳው ሲሰቀል በሕልሙ ያይ ጀመር።

ለዚህ ሁሉ ሰው የሚያመሰግነው ሆሪ ካናቫንን ነበር። ሆሪ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ፣ ረጅም፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ስምንት ቁጥር የሚለብስ አጥቂ ነው። ኳሷ ሰማይ ላይ ሳለች በሰው ትከሻ ላይ ተንጠላጥሎ ይቀልባታል፤ ከቀለባት ደግሞ በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መካከል መስደድ ብቻ ነው፤ ስድስት ነጥብ። ሥጋ ሻጩ እንኳ ለሆሪ ሲመዝን ጣቱን ሚዛኑ ላይ አያሳርፍም ይባል ነበር።

ሆሪን ከገጠር ያመጣው አልቢ ሬንፍሪ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት አልቢ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ሄዶ በአንድ የስንዴ እርሻ ዳር ሲጫወት አየው፤ «ልጁን ለእኔ ስጡኝ» ብሎ አባቱን ለምኖ ይዞት መጣ። ሆሪ ሁለት ዓመት ሙሉ በሬንፍሪዎች ጓሮ በረንዳ ላይ ተኛ፤ የአልቢ ሚስት አይቪ ልብሱን አጠበችለት፣ ከልጆቿ ማዕድ አበላችው። አልቢ ራሱ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። አጠር ያለ፣ ጭንቅላቱ ገለጥ ያለ፣ ሦስት ቁጥር የሚለብስ ተከላካይ ነው። መቶ ስድሳ ጨዋታ ተጫውቶ አንድም ቀን ለዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ አያውቅም። ጫማ ፋብሪካው ሲዘጋ ከሥራ ወጥቷል፤ ቡድኑ ማሸነፍ ሲጀምር ግን፣ «እግር ኳሱንም ዘንድሮ አቆማለሁ፤ ግን እንዲህ ባለ ዓመት ማቆም ምን ይከፋል!» ብሎ ነበር።

የግማሽ ፍጻሜው ዕለት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ተጋጣሚያቸው የኬልሶ ቡድን ነው። ሦስተኛው ሩብ እስኪያልቅ በየቡድኑ አሥራ ስምንት፣ ሠላሳ ስድስቱም ተጫዋቾች ከጭቃ የተሠሩ መሰሉ፤ ማልያውም ቁጥሩም አንድ ቀለም ሆነ። ሆሪን ቀኑን ሙሉ እንደ ጥላ የተከተለው ሊንዚ ሞፋት የሚባል የኬልሶ ተከላካይ ነበር። ሞፋት እግሩ ብቻ ሳይሆን ምላሱም ፈጣን ነው።

በመጨረሻው ሩብ ሆሪ ከቋሚዎቹ ፊት ለፊት፣ ሃያ እርምጃ ከማይሞላ ቦታ፣ ብቻውን ኳስ አገኘ። ረገጣት። ኳሷ ከጫማው ጎን ተንሸራታ ከሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች ውጭ ሄደች። አንድ ነጥብ ብቻ። ደጋፊው ሁሉ እንደ አንድ ሰው አቃሰተ።

ሞፋት ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ኧረ ገጠሬው! ላምህ ብትረግጣት እኮ ታገባት ነበር! በሚቀጥለው ቅዳሜ እሷን ላካት፣ አንተ ወተት ጠብቅ!»

ይኸው ነው። እናቱን አልሰደበ፣ አልመታው፣ አልተፋበት። ሆሪ በኋላ በሕይወቱ ሙሉ ላደረገው ነገር ከዚህ ሌላ ምክንያት ቢፈልግ አላገኘም፤ ሰው ስለ ሳቀበት ብቻ።

ጥቂት ቆይቶ አልቢ ኳሷን ከኋላ ይዞ ወጣና እስከ መሀል ሜዳ ሮጦ ወደ ቀኙ ክንፍ ላካት። የሰው ሁሉ ዓይን ኳሷን ተከተለ። ሞፋት ጀርባውን ለሆሪ ሰጥቶ ከዓይኑ ላይ ጭቃ ይጠርግ ነበር። ሆሪ ከኋላ መጣና በጨበጠው እጁ መንጋጋው ሥር አሳረፈበት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማ። ሞፋት በግንባሩ ጭቃው ውስጥ ተደፋ። ሆሪ ሮጦ ሄደ።

ዳኛው ዘወር ሲል ያየው የወደቀውን ሰውና የሚሮጠውን ጀርባ ነው። ጀርባው ላይ ካለው ስምንት ቁጥር ግራ ግራውን ጭቃ በልቶታል። የቀረው ሦስት ይመስላል። እውነተኛው ሦስት ቁጥርም ከዚያው፣ ከአሥር እርምጃ ባልበለጠ ርቀት ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር።

ባርንስፍላት በአራት ነጥብ አሸነፈ።

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተረባርቦ ይዘፍናል። ዳኛው ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ሲገባ ዘፈኑ ቀስ በቀስ ሞተ።

«ሦስት ቁጥር የማን ነው?»

አልቢ ታኬታውን እየፈታ ነበር። «የእኔ ነው። ምነው፣ ፊርማዬን ፈለግህ?»

ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም። «የኬልሶውን ሞፋት መንጋጋ በመምታት ከስሼሃለሁ። ማክሰኞ ችሎት ትቀርባለህ።»

«እኔን?» አልቢ ለመሳቅ ዳዳው። «ወንድሜ፣ እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ዝንብ እንኳ መትቼ አላውቅም። ሌላ ሰው አይተህ ነው።»

«ያየሁትን ቁጥር ነው የጻፍኩት።» ደብተሩን አጥፎ ወጣ።

አልቢ ቀና አለና ቀጥታ ሆሪን አየው። ሌላ ማንንም አላየ። ሆሪ ያን ጊዜ አወቀ፤ አልቢ አይቶታል። አፉን ሊከፍት ነበር፤ ደግሞም ከፍቶት ነበር። የክለቡ ጸሐፊ አቶ ፓስኮ ግን መሀል ገብተው እጃቸውን አጨበጨቡ። «በሉ፣ በሉ! ይህ የማክሰኞ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ ደስ ይበለን!» አሉ። ሆሪ አፉን ዘጋ። በልቡም እንዲህ አለ፦ «ያልመታ ሰው ነው፤ ነጻ ይለቁታል። ታዲያ እኔ ምን ቸኮልኩ?»

እሑድ ከሰዓት አቶ ፓስኮ ሆሪ ከተከራየበት ቤት መጡ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ስለ አከራይዋ ድመት አወሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማን እንደ መታ እኔን አያገባኝም። ልትነግረኝም አትሞክር፤ ከነገርከኝ ማወቄ ነው።»

«አቶ ፓስኮ፣ አልቢ እኮ...»

«አልቢ ጥሩ ሰው ነው። በእሱ ቦታ የሚጫወት ተከላካይ ግን ከመንገድ ላይ ሦስት አነሣለሁ። አንተን የሚተካ በዚህ ከተማ የለም። የሰፈሩን ሰው አይተኸዋል? ልጆቻቸው የሚበሉት ዳቦ በጨው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቁትን አንድ ደስታ ልትነጥቃቸው ነው?» ተነሡና ኮፍያቸውን ደፉ። «እኔ ምንም አድርግ አላልኩህም። ማክሰኞ ሲጠይቁህ ኳሷን ስታይ ነበር። ተጫዋች ኳሷን ካላየ ሌላ ምን ያያል?»

ሆሪ እሺ አላለም። እምቢም አላለም። እስከ በሩ ሸኛቸው።

ችሎቱ የተሰየመው ከተማው መሀል፣ በአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። አልቢ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ፣ የቀረችውን ጸጉር በውኃ አስተኝቶ መጣ። ሞፋት መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ሆስፒታል ስለ ተኛ በወረቀት ቃሉን ላከ፦ «የመታኝን አላየሁም።» ዳኛው ያየውን ተናገረ፤ ሐቀኛ ሰው ስለ ሆነ ያመነውን ነው የተናገረው።

«መታኸው ወይስ አልመታኸውም?» አሉት ሰብሳቢው አልቢን።

«አልመታሁም ጌታዬ።»

«ማን መታ ታዲያ?»

«እሱን እኔ አልናገርም።»

«አይተሃል ማለት ነው?»

«አይቻለሁ።»

«አይተህ የማትናገርበት ምክንያት ምንድን ነው?»

አልቢ ሸሚዙ አንቆት እንደሆነ ሁሉ አንገቱን አሻሸ። «የሚናገረው ካለ ራሱ ይናገር። በሰው ላይ ጣቴን አልቀስርም።»

ሰብሳቢው ለጎረቤታቸው ጆሮ አንድ ነገር አንሾካሾኩ። እንዲህ ያለ መልስ የወንጀለኛ መልስ ይመስላል። ከዚያ ሆሪን ጠሩት። አልቢ ራሱ ነበር ምስክር ብሎ ያስጠራው።

ሆሪ ቆመ። አልቢ ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢኖር ይሻል ነበር። እንደ አባት፣ «በል ልጄ፣ አሁን» እንደሚል ዓይን ነው ያየው።

«ሞፋት ሲመታ የት ነበርክ?»

«እዚያው አካባቢ።»

«ማን እንደ መታው አየህ?»

ከመስኮቱ ውጭ ትራም ሲያልፍ ሰማ። «ኳሷን ነበር የማየው» አለ።

አልቢ ዓይኑን ከእሱ ላይ አነሣና የገዛ እጁን ማየት ጀመረ።

ስምንት ጨዋታ አገዱት። ለባርንስፍላት የቀረው አንድ ጨዋታ ነው፣ የዋንጫው ፍጻሜ። ስለዚህ ስምንት ማለት ለአልቢ ሁልጊዜ ማለት ነበር።

የሚኖሩት በአንድ ሰፈር ስለ ሆነ የተሳፈሩት በአንድ ትራም ነው። ሆሪ ሌላ ትራም ለመጠበቅ አስቦ ነበር፤ አልቢ ግን በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ሥራ የሌለው ሰው ሆኖ የሁለቱንም ትኬት ቆረጠ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስድስት ፌርማታ አለፉ።

«ጉልበትህ እንዴት ነው?» አለ አልቢ በመጨረሻ።

«ደህና ነው።»

«ቅዳሜ ሜዳው ይደርቃል ይላሉ። ደረቅ ሜዳ ላንተ ይሻላል።»

ሆሪ «አልቢ...» አለ።

«ተወው» አለ አልቢ። «ሰው ይሰማናል።»

አይቪ የአጥሩ በር ላይ ሆና ትጠብቅ ነበር። የባሏን ፊት ስታይ አልጠየቀችም፤ ገባት። ወደ ሆሪ ዘወር ብላ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። «ቢያንስ አንተ አብረኸው ቆምክ። ሌላውማ አንዱም አልመጣ! እግዚአብሔር ይስጥህ ሆሪ።» አስገብታም ሻይ ቀዳችለት፤ ለልጆቹ ካስቀመጠችው ዳቦ ቆርሳ ማርማላታ ቀብታ ሰጠችው። ሆሪ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በላው ግን። እያንዳንዱን ጉርሻ በሻይ እየገፋ በላው፤ አልቢ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ያየዋል፣ ለሚስቱም ቃል አልተናገረም።

የፍጻሜው ቀን ፀሐይ ወጣች። የሰው ብዛት አጥሩን ሊጥለው ደረሰ። ሆሪ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም፤ ማሰብ ስላልፈለገ ሮጠ፣ ዘለለ፣ አራት ጎል አገባ። ባርንስፍላት በዘጠኝ ነጥብ አሸነፈ። ሰው ሜዳውን ሰብሮ ገባና ሆሪን በትከሻው ተሸከመው። የማያውቃቸው ሽማግሌዎች እያለቀሱ ታኬታውን ሳሙት። እሱም ሳቀላቸው። ከላይ ሆኖ የሰውን ራስ ሲያይ፣ በዚያ ሁሉ ኮፍያ መካከል አንድ ገላጣ ጭንቅላት እንዳያገኝ እየፈራ ቶሎ ቶሎ ዓይኑን ያሸሽ ነበር።

በክለቡ አዳራሽ ድግስ ተደረገ። አልቢ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ የጓደኞቹን እጅ አንድ በአንድ እየጨበጠ «እንኳን ደስ ያለህ» ይላል። ተራው ወደ እሱ ሲቃረብ፣ ሆሪ በጀርባው በር ወጣና የዕቃ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። የአራት ጎል ጀግና ከባልዲና ከመጥረጊያ መካከል ቆሞ፣ የአንድ አጭር ሰው ድምፅ እስኪጠፋ ጆሮውን በሩ ላይ ደግኖ ጠበቀ። ሲወጣ ፊቱ በርበሬ መስሎ ነበር። «ጠጥተሃል መሰለኝ!» ብለው ሳቁበት። ጠብታ አልቀመሰም።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ሆሪ ከራሱ ጋር ይታረቅ ነበር። ነገር ግን አላበቃም። አንድ ጋዜጣ አልቢን «ከኋላ የሚመታው» የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙም ተጣበቀ። የወደብ ሥራ ሊቀጠር ተሰልፎ ሳለ አሠሪው የኬልሶ ደጋፊ ሆኖ ተገኘና ስሙን ሲሰማ «ለቡጢኛ ሥራ የለኝም» ብሎ መለሰው። አይቪ ሸቀጥ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። ይህን ሁሉ ሆሪ የሚሰማው ከሰው ነው፤ እሱ ራሱ የሬንፍሪዎችን መንገድ ትቶ በወንዙ በኩል ዞሮ መሄድ ጀምሯል። እሑድ ምሳ ቢጠሩት «አሞኛል» ይላል። ሦስት እሑድ ሲያመው አይቪ መጥራቱን ተወችው።

በበጋው የክለቡ ዓመታዊ ስብሰባ ተደረገ። ደንቡ፣ አሥር ዓመት ያገለገለ ተጫዋች የዕድሜ ልክ አባል ይሆናል ይላል። አቶ ፓስኮ ስሞች አነበቡ፤ የአልቢ ስም የለም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «የሬንፍሪስ?» ብሎ ጮኸ።

«የሬንፍሪ ጉዳይ ዘንድሮ ባይነሣ ይሻላል» አሉ አቶ ፓስኮ። «የክለቡ ስም አለ፣ ጋዜጣ አለ... ይሁን ግን፣ በድምፅ እንየው። ይሰጠው የምትሉ እጅ አውጡ።»

አምስት እጅ ወጣ። አልቢ እዚያው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አምስቱን እጅ ሲቆጥር ሆሪ አየው። ሆሪ በሁለቱ እጆቹ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በጭኑ ሥር አድርጎ፣ እንዳያመልጡት ይመስል። ለመናገር እንኳ አይደለም፣ እጅ ለማውጣት። አምስት ሰዎች ያለ ምንም ዕዳ ያወጡትን እጅ እሱ አላወጣም። ያን ቀን ቤቱ ሲገባ መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዞረው።

በማግሥቱ ወደ ኬልሶ ሄደ። ሞፋት ቤቱ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይሞቅ ነበር። ሽቦው ወጥቶለታል፤ ፊቱ ግን ወደ አንድ ጎን አጋድሏል፣ ከሲታ ሆኗል።

«እኔ ነኝ የመታሁህ» አለ ሆሪ፣ ሰላም እንኳ ሳይል።

ሞፋት ለረጅም ጊዜ አየው። «ታዲያ ይህን ለመንገር ነው ትራም የተሳፈርከው? ቀድሞውንም አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ከኋላዬ ማን ነበረ? ቀኑን ሙሉ ያሳበድኩት ማንን ነው? ሬንፍሪን?» ለመሳቅ ሞከረና አመመው፤ ጉንጩን ያዘ። «ማየቱን አላየሁም፤ እውነት ነው። ማወቁን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ደግሞ ብናገር ተሸንፎ ከሰሰ ይሉኝ ነበር። አፌም ተሰፍቶ ነበር፣ ምስጋና ላንተ ይግባና።»

«ይቅር በለኝ።»

«አንድ ወር ሾርባ በሸምበቆ መጥጬአለሁ። እሱ ያልፋል፤ ጨዋታ ነው፣ እኔም ምላሴ መጥፎ ነው። ያኛው ሰውዬ ግን ምን አደረገህ?» ሞፋት ፊቱን ወደ ፀሐይዋ መለሰ። «ሂድ ወደሚገባህ ሰው። እዚህ መጥተህ በርካሽ አትታጠብ።»

ሆሪ በመንገድ ላይ ሁሉንም አሰበው። ሞፋት ያውቃል። አልቢ ያውቃል። አቶ ፓስኮ ላለማወቅ የደከሙት ስለሚያውቁ ነው። እጅ ያወጡት አምስቱም ሳያውቁ አይቀርም። እሱ የደበቀው የመሰለውን ነገር ለካስ ሌሎች ሰዎች ተሸክመውለት ኖሯል።

አልቢ ጓሮው ውስጥ ድንች ይቆፍር ነበር። ሆሪን ሲያይ ዶማውን አላስቀመጠም።

«አሞህ ነበር አሉ» አለው።

«አላመመኝም።»

«አውቃለሁ።»

«አልቢ፣ ሊጉ ዘንድ ሄጄ ልናገር ነው።»

አልቢ ሁለት ጊዜ ቆፈረ። «አሁን? ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ? ይህ ለእኔ ነው ወይስ ላንተ?»

ሆሪ መዋሸት ሰልችቶት ነበር። «አላውቅም። ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።»

«እውነት ተናገርክ፤ ጥሩ ነው።» አልቢ ድንቹን ከአፈር አራገፈ። «ፍጻሜው ቆጭቶኛል፤ አልዋሽህም። እስካሁን ተኝቼ እጫወተዋለሁ። ግን እኔን የጎዳኝ እሱ አይደለም። ተናገር ብዬ ላስገድድህ አይደለም ያስጠራሁህ፤ እንደምትናገር እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። ለአይቪ ጠዋት ወጥቼ ስሄድ ‹ልጁ አብሮኝ ይቆማል› አልኳት።»

ሆሪ እንባውን በክንዱ ጠረገ። አልቢ እሱን ላለማየት ወደ ድንቹ አጎነበሰ።

«እሷ ታውቃለች?»

«ከእኔ አልሰማችም።»

አይቪ ወጥ ቤት ውስጥ ልብስ ትተኩስ ነበር። ሆሪ ቆሞ ነገራት፤ ቡጢውን፣ ችሎቱን፣ በክለቡ ስብሰባ የተቀመጠባቸውን እጆቹን። ካውያውን እንደ ያዘች ሰማችው። ሲጨርስ ካውያውን በቀስታ ምድጃው ላይ መለሰች።

«እኔ እጅህን ይዤ እግዚአብሔር ይስጥህ አልኩህ» አለች። «አንተም ዝም አልክ። ውጣልኝ ከቤቴ።»

ወጣ።

ለሊጉ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሦስት ጊዜ ቀደደው፤ አራተኛውን በእጁ ይዞ ሄዶ ሰጠ። እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች ጠሩት። አልቢን ነጻ አሉት፤ ሆሪን ደግሞ በመምታቱና በሐሰት በመመስከሩ የሚቀጥለውን የውድድር ዓመት ሙሉ አገዱት። ባንዲራው አልተነካም። የአልቢን ስም አጥፍቶ የነበረው ጋዜጣ እርማቱን ከፈረስ እሽቅድምድሙ ውጤት ሥር በአራት መስመር አወጣ።

ባርንስፍላት ለሆሪ ይቅርታ አላደረገም። የሚገርመው ግን ሰው የተቆጣው ስለ መታ ወይም ስለ ዋሸ አልነበረም፤ ስለ ተናገረ ነው። ሥጋ ሻጩ ጣቱን ሚዛኑ ላይ አሳረፈ። «ባንዲራችንን አቆሸሽከው» ብሎ አንድ ሽማግሌ እግሩ ሥር ተፋ፤ ያን ዕለት ታኬታውን ከሳሙት አንዱ ነበር። አቶ ፓስኮ መንገድ ላይ ሲያገኙት ኮፍያቸውን ነክተው ያልፋሉ፣ አይናገሩትም። አልቢም የዕድሜ ልክ አባልነቱን ወዲያው አላገኘም። «ጉዳዩ ይጠናል» ተባለና ሁለት ዓመት ተጠና።

አዲሱ የውድድር ዓመት ሲጀመር ሆሪ ከፍሎ ገብቶ ከሰው ጋር ቆመ። ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት ክንድ ያህል ባዶ ነው፤ ሰው በዚያ ሁሉ ግፊያ መካከል እንኳ እሱን ላለመንካት ቦታ አገኘ። እፍረቱ አልለቀቀውም። ተናግሬ ይቀለኛል ብሎ ነበር፤ የቀለለው መደበቁ ብቻ ነው፤ የሠራው ሥራ እንደ ነበረ ነው።

በዕረፍት ሰዓት አይቪ በሰው መካከል እየገፋች መጣች። ፊቷ እንደ ድንጋይ ነው።

«አልቢ እሑድ ለምሳ ና ብሎሃል» አለች። «እኔ አላልኩም። ብትመጣ ሳህን አስቀምጥልሃለሁ፣ አንድ ቃል ግን ከእኔ አትጠብቅ።»

«እመጣለሁ» አለ ሆሪ።

«መምጣትህን አልከለክልም፤ አትምጣ ብልህ አልቢ ይከፋዋል።» ዞር ብላ ሄደች።

እሑድ ሄደ። የበግ ጥብስና ድንች ነበር። አልቢ ስለ ቡድኑ አወራ፣ ስለ አዲሱ አጥቂ ቀርፋፋነት አወራ፤ ወደብ ላይ በሳምንት ሦስት ቀን ሥራ እንዳገኘም ነገረው። አይቪ ሳህኑን አስቀመጠች፣ አነሣች፣ ቃል አልተነፈሰችም። ሆሪ ዓይኑን ከጠረጴዛው ልብስ ላይ ሳያነሣ በላ፤ ሲጨርስ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። በሚቀጥለው እሑድም ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ባለውም። አይቪ ያነጋገረችው በሦስተኛው ክረምት ነው። የተናገረችውም፣ ጣራው ያፈሳልና ወንበሩን ፈቀቅ አድርግ፣ ነበር።